መጠጥን ለብቻ መተው ለምን ይከብዳል?

ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ የሚመጣ ወጣት ስለ መጠጥ ሊያወራ አስቦ አይመጣም። የሚመጣው ለክኒን፣ ለመርፌ፣ ለእርግዝና ምርመራ ወይም ለአባላዘር በሽታ ሕክምና ነው። ይሁን እንጂ «ያን ዕለት ኮንዶም ለምን አልተጠቀማችሁም?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ጠጥተን ነበር» ይላል። አማካሪውም ይህንኑ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ግን እዚያው መልስ ላይ ትንሽ መቆየት ፈልገናል።

ትምህርቱ የተዘጋጀው መጠጥ ለማቆም ለሚያስቡ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ሞክረው ለተመለሱ ወጣቶች ነው። አልፎ አልፎ ቀምሶ በጊዜ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሰው ለመገሠጽ የተጻፈ አይደለም።

መጠጥ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?

አልኮል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደክመው የማመዛዘን ችሎታን ነው። ሰውየው ገና መራመድ፣ መሳቅና መጨዋወት ይችላል። ነገር ግን «ይህን ባደርግ ነገ ምን ይከተላል?» ብሎ የሚጠይቀው የአእምሮ ክፍል ሥራውን መፍታት ጀምሯል። ይህ የአእምሮ ክፍል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አይጨርስም። ስለዚህ በኪሱ ኮንዶም የያዘው ወጣት ሳይጠቀምበት ያድራል። በየምሽቱ ክኒን የምትወስደው ወጣት ትረሳለች፣ ወይም ወስዳ ያስመልሳታል። (ክኒኑን ከዋጠች 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳት ሌላ ክኒን መውሰድ ይኖርባታል።) የሰከረ ሰው «እሺ» ቢል እንኳ እሺታው ፈቃድ ተብሎ እንደማይቆጠርም ሁለቱም ወገኖች ሊያውቁት ይገባል።

መከላከያ ሳይደረግ ግንኙነት ከተፈጸመ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል። ቶሎ በተወሰደ መጠን ግን ይበልጥ ያስተማምናል። በኤች አይ ቪ የመያዝ ሥጋት ካለም የመከላከያው መድኃኒት 72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። ከቅዳሜ ስካር በኋላ በሐፍረት ቤት ተቀምጦ የሚያልፈው እሑድና ሰኞ ይህን ውድ ጊዜ ይበላዋል። ሐፍረቱ ከስካሩ የበለጠ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ለነፍሰ ጡር ሴት «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚባል የአልኮል መጠን የለም። «ጠላ ምግብ ነው» የሚሉ እናቶች ቢኖሩም፣ በጠላ ውስጥ ያለው አልኮል በቢራና በአረቄ ውስጥ ካለው አይለይም። ከእናት ደም አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ጉበቱ ሁለት ሸክም እንዳይበዛበት መጠጥ መተው ይገባዋል።

ስንት ጠጣሁ?

የመጠጥን ልክ በብርጭቆ ብዛት ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል ሊታሰብ ይገባል። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 16 ግራም ያህል ይሆናል። ስለዚህ «እኔ ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው፣ አረቄ አልነካም» የሚለው መጽናኛ ብዙ አያስኬድም። የጠላና የጠጅ ጥንካሬ ደግሞ እንደ ጠማቂዋና እንደ ጠጅ ጣዩ ስለሚለያይ፣ ጠጪው ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቀው ከተነሣ በኋላ ነው።

ጉበት በአንድ ሰዓት የሚያጣራው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አራት ቢራ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ከአልኮል እስኪጸዳ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቡና መጠጣትም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ይህን አያፋጥነውም፤ ቡናው የሚያተርፈው ነቅቶ የሚሰክር ሰው ነው።

ልማድ ወይስ ሱስ?

ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙባቸው የቆዩ አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው አስበው ያውቃሉ? ሰዎች ስለ መጠጥዎ ሲወቅሱዎት ይናደዳሉ? በመጠጣትዎ የጥፋተኝነት ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል? ጠዋት ሲነሱ ሰውነትዎን ለማረጋጋት ወይም ያለፈውን ሌሊት ስካር ለመስበር ጠጥተው ያውቃሉ? ከአራቱ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው ጉዳዩን ከጤና ባለሙያ ጋር ቢነጋገርበት ይገባል። በእኛ ግምት ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው። ጠዋት የሚጠጣ ሰው የሚጠጣው ለጨዋታ ሳይሆን ለመድኃኒትነት ነውና።

ይህን በተመለከተ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ በተለይም ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገትና ለብቻው ማቆም የለበትም። አልኮል አእምሮን የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ለወራት ወይም ለዓመታት የቀዘቀዘ አእምሮ ያንን ለመቋቋም ራሱን በኃይል ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ማቀዝቀዣው ይሄድና ማነቃቂያው ብቻ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። በየቤቱ ግን ብዙ ጊዜ «ለከፈው» ይባልና ሕክምና ይዘገያል።

ሕክምናው የታወቀ ነው። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት መጠኑን እየቀነሰ ይሰጣል፤ በመጠጥ ብዛት የሚያልቀውን ቫይታሚን ቢ1ም ይተካል። መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝቶ ለራስ ማዘዝ ግን አደገኛ ነው፤ ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ብዙ ወጣቶች መጠጥ ለመተው ወደ ጠበል ይሄዳሉ። ይህን የሚነቅፍ ሐሳብ የለንም። እንዲያውም ጠበል ቦታ ከሰው ጋር ውሎ ማደር፣ ተመሳሳይ ችግር ካለበት ሰው ጋር መነጋገርና ከመጠጥ ቤት መራቅ አለ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ድጋፍ ነው። ነገር ግን በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ዛሬ አቁሞ፣ ሳይበላ ውሎ ነገ በቀዝቃዛ ውኃ ሲጠመቅ ከላይ የተናገርነው አደጋ እዚያው ሊያገኘው ይችላል። ከመሄዱ በፊት በጤና ጣቢያ ቢታይ፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ይዞ ቢሄድ ሁለቱም አይጣሉም።

በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። «አማኑኤል ገባ» መባልን የሚፈራ ወጣት ብዙ ነው። በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም አጠቃላይ ሆስፒታል ቢጀምርም ይቻላል፤ ዋናው ነገር ከባለሙያ ጋር መጀመሩ ነው።

የመሐላው ችግር

በየቀኑ የማይጠጣው፣ ነገር ግን ከጀመረ ማቆም የማይችለው ወጣት ብዙውን ጊዜ መጠጥ የሚያቆመው በመሐላ ነው። ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ የተናገረውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ይምላል። ሌላው ይሳላል። ሌላው ዐቢይ ጾም ሲገባ ይተዋል፤ በረመዳን የሚተውም አለ። መሐላው ከልብ ነው። ከልብ ባይሆን ኖሮ 55 ቀን ሙሉ መጠጥ ሳይነካ የሚከርም ባልኖረ ነበር።

ታዲያ 55 ቀን የቻለ ሰው በፋሲካ ሳምንት ለምን ይመለሳል? ብዙ ሰው «ፈቃደ ልቡ ደካማ ስለሆነ» ይላል። ይህ መልስ ትክክል አይመስለንም። በጾሙ ወራት ብቻውን አልነበረም፤ ጓደኞቹም አብረውት ጾመዋል። መጠጥ ቤቱ ጭር ብሏል፤ «ና እንጂ» ብሎ የሚደውል የለም፤ አልጠጣም ሲል ምክንያቱን የሚጠይቀውም የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን ማኅበሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይመለሳል፤ እሱ ብቻውን ይቀራል። 55ቱን ቀን የቻለው ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ ነበር፤ አሁን ለብቻው ቻል ተባለ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የ24 ዓመት ወጣት እናስብ። ከሥራ የሚወጣው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የተከራያት ክፍል ጠባብ ናት፤ ገብቶ የሚያደርገው ነገር የለውም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ድራፍት ቤት ነው። ቅዳሜ የእንግሊዝ እግር ኳስ የሚያየው እዚያው ነው። አባቱ የሞተ ዕለት የደረሱለት እዚያ የተዋወቃቸው ልጆች ናቸው። ሥራ ያገኘው በአንዳቸው በኩል ነው፤ ብር ሲቸግረው የሚበደረው ከእነሱ ነው፤ ፍቅረኛው የሄደች ጊዜ ያለቀሰው እነሱ ፊት ነው። ጫት ቤት የሚሄዱትም አብረው ነው፤ ከዚያም ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብለው ወደ መጠጡ ያመራሉ። ይህ ልጅ መጠጥ ተው ሲባል የሚሰማው «ከብርጭቆው ተለይ» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ምስጢርህን ከሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ተለይ» የሚልም ጭምር ነው። መሐላው ብርጭቆውን ይወስዳል። የባዶዋን ክፍል ሦስት ሰዓት የሚሞላ ነገር ግን አያመጣለትም።

ለወጣት ሴት ጉዳዩ በሌላ በኩልም ይከብዳል። ወንድ ሲጠጣ «ጎበዝ ነበር፣ መጠጥ አበላሸው» ይባላል፤ ሴት ስትጠጣ የሚነሣው ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ ጠባይዋ ነው። ስለዚህ ተደብቃ ትጠጣለች፤ ለማቆምም የምትሞክረው ተደብቃ ነው። የተደበቀ ነገር ደግሞ የሚረዳ ሰው አያገኝም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ እንዳይነገር፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ለአንድ ወጣት ትልቁ ማስታወቂያ የጓደኛው ስልክ ነው፤ ይህን የሚከለክል አዋጅ የለም።

በአክሮን ከተማ የሆነው

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የ39 ዓመት አሜሪካዊ፣ በኦሃዮ ግዛት ባለችው አክሮን ከተማ በአንድ ሆቴል መግቢያ ቆሞ ነበር። በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲሠራ መጠጥ ኑሮውን ያናጋበት ሰው ነው። መጠጥ ካቆመ ወራት ቢያልፉትም ወደ አክሮን የመጣበት ጉዳይ ከሽፎበታል፤ ከሆቴሉ ቡና ቤት የሚወጣው ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል። ቢል ወደ ቡና ቤቱ ከመግባት ይልቅ ወደ ስልኩ ሄደ፤ በከተማው ካሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ይፈልግ ጀመር። በዚህ ፍለጋ ቦብ ስሚዝ ከሚባል የ55 ዓመት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ።

ዶክተር ቦብ ሊሰጠው ያሰበው ሩብ ሰዓት ነበር፤ ለሰዓታት ተቀመጡ። ዶክተሩ ስለ አልኮል ከቢል የሚማረው ሳይንስ አልነበረም። ብዙ ሰው መክሮታል፣ ተቆጥቶታል፣ አልቅሶለታል። አዲሱ ነገር የሚያናግረው ሰው ያው እሱ ያለፈበት ሁሉ የደረሰበት መሆኑና ሊመክረው ሳይሆን ራሱ እንዳይጠጣ ሊረዳው መፈለጉ ነበር። ዶክተር ቦብ አንድ ጊዜ አገርሽቶበት እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ክፍያ የለም፤ የአባላት ስም በውጭ አይነገርም።

በመጀመሪያው ዘመን ማኅበሩ ቤት ንብረታቸውን ያጡ ጎልማሶች መሰብሰቢያ ይመስል ነበር። አንድ የ22 ዓመት ልጅ ከእነሱ መካከል ሲቀመጥ «አንተ ገና ምን ጠጣህና!» መባሉ አይቀርም። ወጣት አባላት የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1958 ናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ባለችው ከተማ አድርገዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወጣት ፈተና የፈረሰ ትዳር ሳይሆን የጓደኛ ልደት፣ የምረቃ ግብዣና የመጀመሪያ ደመወዝ ነው። ይህን የሚያውቅለት እኩያው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ይሠራል ወይ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መመዘኛ የወጣ ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን መርምሯል። በባለሙያ አማካይነት ወደዚህ ማኅበር እንዲገቡ የተደረጉ ሰዎች ጨርሶ ሳይጠጡ በመቆየት ረገድ ሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎችን ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ሆኖም ጥናቱ የተካሄደባቸው አገሮች ኑሮ ከእኛ ኑሮ ጋር አንድ ስላልሆነ፣ ልንወስድ የሚገባን ሥርዓቱን ሁሉ ሳይሆን አሠራሩን ነው።

በአካባቢያችን እንዴት ይጀመራል?

መሰብሰብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሐዘን እድር አለን፤ ለገንዘብ እቁብ አለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የጸረ ኤድስ ክበባትም ወጣት ከወጣት አፍ ሲሰማ ይበልጥ እንደሚያምን አሳይተውናል። መጠጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው ግን እድርም ሆነ እቁብ የለውም፤ ስለዚህ ትንሽ መሥራት ይኖርበታል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ሰው ማግኘት እንደሚታሰበው አይከብድም። ከሚጠጡት ልጆች መካከል ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነሣ፣ ወይም በስካር መካከል «እኔ እንኳ ይህን ነገር ልተወው አስቤ ነበር» ያለ አይጠፋም። ሲጠጣ ሳይሆን በማግስቱ ረፋድ ላይ ለብቻው ማነጋገር ነው። «እኔ ለማቆም እየሞከርኩ ነው፤ ለብቻዬ አልሆነልኝም» ማለት ይበቃል። «አንተም ሱሰኛ ነህ» ከተባለ ግን ወዳጅነቱም ያከትማል። ካቆመ ዓመት የሞላው ሰው ከተገኘ ደግሞ እጅግ መልካም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የወጣት ማእከል፣ አልፎ አልፎም የእኛው አማካሪዎች ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ የሚጠቁሙት ግን እሱ ሲፈቅድ ነው።

ሁለቱ ሦስት፣ ሦስቱም አምስት ሲሆኑ ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል። ቀኑ የሚመረጠው ለስብሰባ ስለሚመች ሳይሆን ለመጠጥ ስለሚመች ነው። ድራፍት ቤቱ የሚሞላው ዓርብ ማታ ከሆነ ስብሰባው ዓርብ ማታ ይሁን። ማክሰኞ ጠዋት የሚሰበሰብ ቡድን ማንንም ከምንም አያድንም። ቦታው መጠጥ የማይሸጥበት፣ ቢቻል ቡና የሚፈላበት ቤት ይሁን። ሦስት ስኒው እስኪጠጣ ያለው ጊዜ ለወሬው በቂ ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ ጥቂት ሥርዓት ካልተያዘ ቡድኑ ቶሎ ይፈርሳል። የተሰማው ነገር ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ለሚስትም ለእናትም አይነገርም። ሁሉም በተራው ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል፤ «አንተ እኮ» ብሎ የሚጀምር ንግግር ይቁም። ምክር የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው። ጠጥቶ የመጣ ሰው አይባረርም፤ ያን ዕለት ግን ያዳምጣል እንጂ አይናገርም፤ ወደ ቤቱም ሰው ይሸኘዋል። በአባላት መካከል ብር አይበደርም፤ ዕዳ ያለበት ሰው የሚቀርበት ምክንያት አገኘ ማለት ነውና። ወንድና ሴት በአንድ ቡድን ሊሰበሰቡ ይችላሉ፤ ማታ የሚደወልለት የቅርብ ሰው ግን ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልብ ባዶ ስለሚሆን አዲስ ፍቅር የመጠጡን ቦታ ፈጥኖ ይይዛል። ሴቶች ብቻቸውን መሆን ከፈለጉም ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ከስብሰባው ይበልጥ የሚሠራው የስልክ ቁጥሩ ነው። የመጠጥ አምሮት ሲነሣ ለዘለዓለም የሚቆይ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ያችን ግማሽ ሰዓት አብሮ የሚያሳልፍ ሰው ነው። «አሁን አማረኝ» ብሎ መደወል ነውር አለመሆኑን አስቀድሞ መነጋገር ያሻል፤ ከጠጡ በኋላ የሚደወል ስልክ የመጣው ዘግይቶ ነው።

አንድ ነገር ይታወስ። ቡድን የሐኪምን ቦታ አይተካም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚቃዥ አባል ካለ አብሮ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ በቡና ማጽናናት አይገባም።

«በሞቴ»

በእኛ አገር ግብዣ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። «በሞቴ አንድ ብቻ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ንቀኸኝ ነው?» እየተባለ ይለመናል፤ ለማኙም ክፉ አስቦ አይደለም። ወጣቱ ከዚህ ለማምለጥ ምክንያት ያበጃል። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ወይም «ሱባኤ ላይ ነኝ» ይላል። ይህ ለአንድ ምሽት ይጠቅማል። መድኃኒቱ ግን ያልቃል፤ ሱባኤውም ይፈታል፤ ጓደኞችም ቀኑን ቆጥረው ይጠብቃሉ። «ትቻለሁ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ቀን ከሁሉ ይከብዳል፤ ነገር ግን የማብቂያ ቀን የለውም። ቃሉ ረጅም ማብራሪያ ከታከለበት ክርክር ይከፍታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ወሬውን መለወጥ ይሻላል። በእጅ የተያዘ አምቦ ውኃ ወይም ለስላሳም ብዙ ልመና ያስቀራል፤ አስተናጋጅ የሚቀዳው ባዶ ብርጭቆ ሲያይ ነው።

በቤተ ዘመድ ድግስና በጽዋ ማኅበር ላይ ብርዝ ማስቀመጥ ለባለቤቷ ብዙ ወጪ አይሆንም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ብርዙ ግን የዚያው ዕለት መሆን አለበት፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ቢያገረሽስ?

ብዙዎች ላይ ያገረሻል፤ ዶክተር ቦብ ላይም አገርሽቷል። የሚጎዳው የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አይደለም፤ «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ የሚቀጥለው ሌሊት ይበልጥ ይጎዳል። ሁለት ወር ሳይጠጣ የቆየ ሰው ዓርብ ዕለት ቢጠጣ ሁለቱን ወር ማንም አይወስድበትም። በዚያው ሳምንት ወደ ቡድኑ ይመለስ፤ የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደጀመረው ይናገር። ከዚህ የሚገኘው ዕውቀት ለሌሎቹም ይጠቅማል። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ሰውነት የቀድሞውን ያህል መጠጥ እንደማይሸከምም ይወቅ፤ እንደ ድሮው ልጠጣ ያለ ሰው በፍጥነት ሊመረዝ ይችላል።

ለቤተሰብ

የጠጪ እናት፣ እህት ወይም ባለቤትም እኩያ ያስፈልጋታል። የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ለጠጪ ቤተሰቦች የሚሆነውን አል አኖን የተባለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ከሌሎች ጋር የመሠረተችው ይህን አይታ ነው። በእኛ ቤት እናት ለልጇ አሠሪ «ታሟል» ብላ ትደውላለች፤ ዕዳውን ትከፍላለች፤ ልብሱን አጥባ ጎረቤት እንዳይሰማ ትደብቃለች። ይህ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የመጠጡን ዋጋ ከልጇ ላይ አንሥታ ራሷ ትሸከመዋለች። ዕዳውን ራሱ እንዲከፍል፣ ለአሠሪውም ራሱ እንዲደውል መተው ይቻላል፤ ይህንም ስታደርግ ምግብና ፍቅር መንሣት የለባትም። በቤት ያለውን መጠጥ በሙሉ በድንገት መድፋት ግን በየቀኑ ለሚጠጣ ልጅ ከላይ የተናገርነውን አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

ወደ አማካሪ ክፍል ሲገቡ

ስለ መጠጥ ለመነጋገር የሚፈልግ ደንበኛ ካርድ ሲያወጣ ምክንያቱን መዘርዘር የለበትም፤ «የምክር አገልግሎት» ቢል ይበቃል። አማካሪው ዘንድ ሲቀርብ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠጣና ምን እንደሚጠጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም አውድቆት ወይም አቃዥቶት እንደሆነ፣ ጫትና ሌላ መድኃኒት የሚጠቀም ከሆነም ይህንኑ ይንገር። ሴት ከሆነች የመጨረሻው የወር አበባዋ የመጀመሪያ ቀን መቼ እንደነበረና የምትጠቀምበትን የእርግዝና መከላከያ ትጨምር። ጓደኛ ይዞ መምጣት ይፈቀዳል፤ ጓደኛው አብሮ እንዲገባ ወይም ውጭ እንዲጠብቅ የሚወስነው ግን ደንበኛው ነው።